ጥጥ ወይስ ብልቃጥ

ገበያ ውስጥ ቦታ ማለት እንደ ጥርስ ነው፤ አንዴ ከወለቀ ሌላ አይበቅልም። የእኔ ቦታ ከገበያው በር እንደገቡ በስተቀኝ፣ ከአይብ ሻጩ አጠገብ ነው። እዚያ ተቀምጬ የቁልቋል ቅጠል እሾሁን በቢላ እየላጥኩ ስሸጥ ባሌ ሞቷል፣ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፣ የደብሩ ቄስም ስንቴ ተቀያይሯል፤ እኔ ግን ከዚያ አልተነሳሁም። ከበስተኋላዬ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ ኦብዱሊያ የምትባል ሴት አለች። ቁልቋሏን እሾሁን ሳትጨርስ ትሸጣለች፤ ሰው ሲበላው ምላሱን ይወጋዋል፣ እሷ ደግሞ ትስቃለች። ይቺ ሴት እኔ የምነሳበትን ቀን እንደ ፋሲካ ነው የምትጠብቀው።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የልጅ ልጄን ካካ እንደ ሎተሪ ዕጣ ስጠብቅ የሰነበትኩት ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

ልጄ ኖሄሚ ከሳሞራ ከተማ ዳር ባለ የእንጆሪ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ወደ ሰሜን ተሻግሮ በስልክ ብቻ የሚኖር ባል ሆኗል። ልጃቸው ዙሌማ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ቀን ቀን የምትውለው የልጆች መዋያ ነው። መዋያው ውስጥ ቦታ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ገና ጡት ያልጣሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ገና አልተወለዱም። እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ፤ ሰባተኛ አልፈልግም። የልጅ ልጄን እወዳታለሁ። እሑድ እሑድማ በጣም እወዳታለሁ።

አንድ ሰኞ መዋያው ውስጥ፣ ሰማያዊ ክፍል በሚሉት የትንንሾቹ ክፍል፣ ተቅማጥ ገባ። ኃላፊዋ እናቶቹን በር ላይ ሰብስባ፣ የሰማያዊ ክፍል ልጆች ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ምርመራ ይስጡ፣ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ያልሰጠ ልጅ ቦታው ሰኞ ለተረኛ ይሰጣል አለች። ኖሄሚ ማታ ልጇን አቅፋ መጥታ ይህንኑ ነገረችኝ፤ እስከ ዓርብም እኔው ጋ አደሩ።

«እማዬ፣ ቦታዋን ካጣች የምትይዣት አንቺ ነሽ። እኔ ከቀረሁ ያባርሩኛል።»

«እኔስ ብቀር?»

«አንቺን ማን ያባርርሻል?»

«ኦብዱሊያ።»

«እማዬ፣ ቁልቋል ነው እኮ የምትሸጪው።»

«አንቺን ያሳደገሽ ቁልቋል ነው። ስትጠሪው ቀስ ብለሽ።»

ልጅቷ ማታውን ሦስት ዳይፐር ጨረሰች። አራተኛውን ሳትጨምር ነገሩን በእጄ ያዝኩት። የሩዝ ውሃ አጠጣኋት። ቶርቲያ የምንለውን የበቆሎ ቂጣ ከሰል እስኪመስል አሳርሬ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ጥቁሩን ውሃ በጠብታ ሰጠኋት። የዘይቱን ዛፍ ቅጠል አፍልቼ ሰጠኋት፤ ፍሬውንም አስከትዬ አበላኋት። የእኔ እናት በዚሁ ነው ያደነችን፤ የእሷም እናት። ሊነጋ ሲል ዙሌማ ደርቃ፣ ደስ ብሏት፣ ብስኩት ስትጠይቅ አገኘኋት። በራሴ ኮራሁ። ሰው በራሱ ሲኮራ ነው የሚወድቀው።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር በሰማያዊ ክፍል እናቶችና አያቶች ሞልቷል። አበልጄ ቴክላ የልጅ ልጇን ኤልያሳርን ይዛ ከፊቴ ነበረች። ነርሷ ዮሴሊን ትባላለች። ከሞሬሊያ ከተማ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ በክብር ዶኛ ትለኛለች፣ ስትናገር ግን ሰው እንዳይሰማባት አትጠነቀቅም።

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ ለልጅቷ ያስቀመጣትን የሚያቆም ነገር ሰጥተዋታል? መድኃኒት፣ ቅጠል ምናምን?»

«ውሃ» አልኩ። ሩዙም፣ ያረረው ቶርቲያም፣ ቅጠሉም ውሃ ውስጥ ነው የነበሩት።

«ጥሩ። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ይሄ ነው።» ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠች። «ዓይነ ምድሯን በዚህ ያመጡልናል። ፖፖ ላይ ከሆነ ሽንት እንዳይነካው። ዳይፐር ላይ ከሆነ አስቀድመው ውስጡን ላስቲክ ያንጥፉበት፤ አለዚያ ዳይፐሩ ይመጠውና ለእኛ የሚቀር የለም። በዚች ማንኪያ የባቄላ ፍሬ የምታክል ብቻ ያንሱ። ከዚያ ሳይቆይ ወደዚህ።»

«የባቄላ ፍሬ?»

«ከባቄላ አይብለጥ።»

«ከእኔ ቤት ዕቃ ጎደሎ ወጥቶ አያውቅም።»

«ዶኛ፣ ሞልቶ ሲመጣ አየር ይይዝና ክዳኑ ይፈነዳል። ባለፈው ሳምንት ፈንድቶብናል። ግድግዳውን ነው የቀባነው።»

«ሁለተኛውስ?»

ጫፏ ላይ ጥጥ የተጠቀለለባት ቀጭን እንጨት አወጣች። «ይቺን ጥጥ በውሃ እናርሳታለን፣ ትንሽ ገባ አድርገን አንዴ አዙረን እናወጣታለን። ልጅቷ ሳታውቀው ያልቃል። መጠበቅ የለም፣ ዛሬውኑ ትገላገላላችሁ።»

«የት ነው የምትገባው?»

ነርሷ አየችኝ። «ዶኛ ክሪሳንታ፣ የት ትገባለች ብለው ነው?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። በሩ ክፍት ነበር። ሰው ሲስቅብኝ ዝም የምል ሴት ብሆን ኖሮ ገበያ ውስጥ አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር።

«ስሚ ልጄ» አልኩ፣ አግዳሚው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ። «ስድስት ወልጃለሁ። በእኔ ቤት ያ በር መውጫ ነው እንጂ መግቢያ አይደለም። ከእኔ ቤት ልጅ ውስጥ ማንም እንጨት አይከትም። ብልቃጥሽን ስጪኝ፤ ነገ ጠዋት ዶሮ ሳይጮህ ታገኚዋለሽ።»

«እንደ ፈቃድዎ» አለች። ብልቃጡን ሰጠችኝ፤ እላዩ ላይ የልጅቷን ስም ጻፈችበት።

ስወጣ ቴክላ ኤልያሳርን ሱሪ እያስታጠቀች ነበር። ከእኔ በፊት ገብታ በጥጡ ጨርሳ ነው።

«አበልጄ፣ ምንም የለውም እኮ። የእኔው ሳቀ።»

«ያንቺው ቀብር ላይም ይስቃል።»

«አንቺ ደግሞ፣ የልጁን ሳቅ ምን አደረገሽ?»

«ከአፌ ወጥቷል አልኩሽ፤ በቃ።»

ረቡዕ ማለዳ ዙሌማን ከእንቅልፏ ሳትወጣ ፖፖ ላይ አስቀመጥኳት። ሸናች፤ ሽንቱን ደፋሁ፤ መልሼ አስቀመጥኳት። ተቀመጠች። ዘፈን ጠየቀች፤ ዘፈንኩላት። ብስኩት ጠየቀች፤ ሰጠኋት። አሻንጉሊቷን ጠየቀች፤ አመጣሁላት። ልጅ አንዴ አንድ ነገር እንደምትፈልጉበት ካወቀ አለቀላችሁ። ፖፖዋ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ ቤቱን ማዘዝ ጀመረች።

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ሞክሪ እስቲ፣ የኔ እናት።»

«አንቺ ሞክሪ።»

ልጅቷን ጎረቤት አስይዤ ገበያ የደረስኩት የጠዋቱ ደንበኛ ከሄደ በኋላ ነው። ኦብዱሊያ የቁልቋል ሳህኗን ወደ እኔ ቦታ በክንድ ያህል አስጠግታዋለች።

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ ዛሬ አረፈዱ። አሞዎት ነው?»

«የሚያመኝ አንቺን ሳይ ነው። ሳህንሽን መልሺ።»

መለሰችው፤ ግን ግማሽ ክንድ ብቻ።

ሐሙስም ያው። ፓፓያ አበላኋት። የቁልቋል ጭማቂ በስኳር ሰጠኋት፤ ለትልልቅ ሰዎች ያ ነገር በር ሳይዘጉ የሚያስሮጥ ነው፤ እሷ ግን ጠጥታ እንደገና አለችኝ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኳት። የቧንቧ ውሃ እያንጠባጠብኩ አስደመጥኳት። ግቢውን አስሮጥኳት፤ ሮጬም የደከመኝ እኔ ነኝ። ዳይፐሯ ውስጥ ላስቲክ ማንጠፍ ስለለመድኩ ስትራመድ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ ትንኮሻኮሻለች። ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ማታ ላይ ቴክላ መጣች። ብልቃጡን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች። ማዘኗን በፊቷ ልታሳየኝ ስትሞክር አፏ አልታዘዝ ብሏት ፈገግ አለ።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ከሰኞ ማታ ጀምሮ።»

«ምን አጠጣሻት?»

«አንቺም የምታጠጪውን።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ይቺን ልጅ እኮ በሲሚንቶ ነው የደፈንሻት።» ተነስታ ወደ ጓሮ በር አየች። «ፐርስሜሎ አለሽ?»

የማን ቤት ፐርስሜሎ የለም? ሄጄ ቆረጥኩ። ወፍራሙን አገዳ መረጥኩ፣ ቅጠሉን አራገፍኩ፣ ጫፉን በጥርሴ አለዘብኩ፣ በዘይት ነካሁት። ሆዱ ለደረቀ ልጅ ከዚህ የቆየ መድኃኒት አላውቅም። ዙሌማን ጭኔ ላይ በሆዷ አስተኛኋት፣ ቴክላ እግሯን ያዘች፣ ዳይፐሩን ፈታሁ። በዚሁ መሀል ኖሄሚ ከሥራ ገባች፤ የፋብሪካውን ቆብ ገና ከራሷ አላወለቀችም።

«እማዬ፣ እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ፐርስሜሎ።»

«ለሾርባ?»

«ለዙሌማ።»

«የት ነው የሚገባው?»

ቴክላ ጣራውን ማየት ጀመረች። ጣራው ላይ ምንም የለም።

«ይሄ ሌላ ነው» አልኩ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ይሄ ቅጠላ ቅጠል ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ጥጥ ነው።»

«ጥጥ ከምን ነው የሚመጣው እማዬ? ከብረት?»

አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር አላገኘሁም። እኔና ልጅቷ በዚያ ሰዓት አንድ ሆንን።

«አንቺም ያደግሽው በዚሁ ነው» አልኳት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ፐርስሜሎ ያለበት ሾርባ የማልበላው ለምን ይመስልሻል?»

ቴክላ መያዟን ረስታ እግሮቹን ለቀቀች፤ እየሳቀች ነበር። ዙሌማ ከጭኔ ተንሸራታ ወረደች፣ አገዳውን ከእጄ ነጠቀች፣ በላችው። በዘይቱ ምክንያት ወደደችው መሰለኝ።

ኖሄሚ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን እያሻሸች ቆየች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ።

«ነገ እኩለ ቀን ነው ማብቂያው» አለች። «እኔ ፈረቃ ላይ ነኝ። አንቺ ትወስጃታለሽ ወይም አትወስጃትም። ካልወሰድሻት ግን ከሰኞ ጀምሮ ገበያ መሄድ የለም፤ እኔም አልለምንሽም፣ ቁጭ ብለሽ ትይዣታለሽ። መምረጥ ያንቺ ነው።»

«ሴቶቹ ሁሉ ሰምተውኛል እኮ፣ ኖሄሚ።»

«ኦብዱሊያም ትሰማለች» አለችና ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። ይቺ ልጅ ማን ወልዷት ነው እንዲህ ያለ ምላስ ያወጣችው ብዬ አላስብም፤ አውቀዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ለጤና ጣቢያ የሚለበሰውን ትቼ ለቅዳሴ የሚለበሰውን ለበስኩ። ሰው ሊዋረድ ሲሄድ ደህና መልበስ አለበት። ባዶውን ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም፤ ቤት ጥዬው መውጣት ግን ከበደኝ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ፣ ተጠጋግተውም ቦታ ለቀቁልኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ሲበዛብኝ ምን እንደሚጠብቁ ይገባኛል።

«ዶኛ ክሪሳንታ» አለች ዮሴሊን፣ «ብልቃጡን አመጡልኝ?»

«ባዶውን።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ምንም?»

«ምንም።»

ልጅቷን አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዷን ጫን ጫን አደረገች። «ውሃ ነው የሰጠኋት ብለውኝ ነበር። የምን ውሃ?»

«የሩዝ።»

«የሩዝ ብቻ?»

«የቶርቲያም አለበት።»

«ያረረ?»

«ያላረረ ምን ይሠራል? የዘይቱን ቅጠልም ነበረበት። ፍሬውንም በልታለች፤ ሌላ የለም፣ ወደ ፖሊስ ልትደውዪ ነው?»

ዮሴሊን ጓንቷን እያጠለቀች ፈገግ አለች። «አያቴ እንደዚሁ ናት። መጀመሪያ ትደፍነናለች፣ ከዚያ ፐርስሜሎ ይዛ ትመጣለች።»

«አያትሽ ብልህ ሴት ናት።»

«በጣም። ፐርስሜሎውን ስትቆርጥ ካየኋት ግን ዛፍ ላይ እወጣ ነበር። አሁን ጭንዎ ላይ ያስተኟት፤ እርስዎን ነው ማየት የምትወደው።»

አስተኛኋት። ዮሴሊን ጥጧን አረሰች። እጇን እንዳትሳሳት አፈጥጬ ተመለከትኩ። ገባ፣ ዞር፣ ወጣ። ማስነጠስ ከዚያ ይረዝማል። ጥጧ መልክ ይዛ መጣች፣ ጄሊ ያለባት ቱቦ ውስጥ ገባች፣ ተከደነች። ዙሌማ ቀና ብላ ነርሷን አየቻት።

«አሁን እኔ ላንቺ» አለች።

ከአግዳሚው በኩል ሳቅ ሰማሁ። በሩን ለካ ዛሬም አልዘጉትም። አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ «ዶኛ ክሪሳንታ፣ መግቢያ ሆነ እንዴ?» አለች።

«ለእንግዳ ተከፍቶ ነው» አልኩ። «አንቺ ቤት እንደሆነ ድሮም መዝጊያ የለውም።»

በዚህ ሳቁ አቅጣጫውን ቀየረ። እኔም ቀና ብዬ ወጣሁ። ዮሴሊን የጥጡ ውጤት ሰኞ ጠዋት ይደርሳል፣ ምርመራ መስጠቷን ግን ለመዋያው ዛሬውኑ እነግራለሁ ብላኛለች። ስለዚህ ቦታው ተረፈ፣ ገበያዬም ተረፈ። ሚኒባስ ውስጥ ልጅቷን አቅፌ ተቀምጬ፣ ምን ያህል ነገር በከንቱ እንዳከበድኩ እያሰብኩ ነበር። ለራሴ እንጂ ለሌላ የምናገረው ሐሳብ አልነበረም።

የእንጆሪው እርሻ ሲጀምር ዙሌማ ዝም አለች። ዙሌማ ዝም አትልም። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ሩቅ አገር ያያል፣ ሁለት እጇ ሻርፔን ጨምድዶ ይዟል።

«ሹፌር፣ አቁም።»

«እማማ፣ እዚህ ፌርማታ የለም።»

«ትንሽ ከቆየህ ሚኒባስህ ሌላ ነገር ይሆናል።»

ሽታው ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ነበርና ቆመ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወርደው መንገድ ሰጡን፤ እንዲያ ተከብሬ ከመኪና ወርጄ አላውቅም። ከመስኖው ቦይ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዳይፐሩን ፈታሁ። ላስቲኩ እንደተነጠፈ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ተጠብቆ የመጣው ሁሉ እዚያ አለ፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ሽንት ያልነካው። ሠርግ ላይ ቢቀርብ የማያሳፍር።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ጠቅልዬ ጥዬው መሄድ እችል ነበር። ጥጡ ተሰጥቷል፣ ማንም ሌላ አልጠየቀኝም፣ ገበያው እየጠበቀኝ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብልቃጥ አመጣለሁ ብያለሁ። ብልቃጡም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከብልቃጡ ውስጥ ማንኪያዋን አውጥቼ ባቄላ የምታክል አነሳሁ። በጣም ትንሽ መሰለችኝ፤ ሁለት ጨመርኩ። ከደንኩ፣ እጄን በቦይ ውሃ ታጠብኩ፣ ልጅቷን አዝዬ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ እኛ እኮ ጨርሰናል» አለች ዮሴሊን።

«አንቺ ጨርሰሻል። እኔ አልጨረስኩም። ይኸው።»

ላቦራቶሪው ውስጥ ዶን አርኑልፎ የሚባል ራሰ በራ ሰውዬ አለ። በመስኮቱ ሳየው ቁርሱን ከማይክሮስኮፑ ራቅ ብሎ ማዕዘን ላይ ይበላል። ብልቃጡን አስቀመጥኩለት።

«እየበላሁ ነው፣ ዶኛ።»

«ብላ። እጠብቃለሁ።»

ፊቱ ቆሜ ሲበላ ሳየው ምግቡ አልወረደለትም መሰለኝ፤ ተወው፣ እጁን ታጠበ፣ ከብልቃጡ በስንጥር ጫፍ ወሰደ፣ መስተዋት ላይ ለቀለቀ፣ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዮሴሊንን ጠራት፤ እሷም አጎነበሰች።

«ጃርዲያ ነው» አለ። «ሞልቷታል።»

ዮሴሊን ወደ እኔ ዞረች። «ጥጡን የወሰድነው ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ ለማየት ነው። ይሄ ተውሳክ ግን በጥጥ ላይ አይያዝልንም፤ እንዲህ በብልቃጥ መጥቶ በዓይን ካልታየ አይገኝም። ባያመጡት አናውቅም ነበር፣ ዶኛ ክሪሳንታ።»

ይህን ስትናገር ማን እንደሚሰማ ለማየት ዞር አልኩ። አግዳሚው ባዶ ነበር። ሲስቁብኝ ሞልቶ፣ ስመሰገን ባዶ።

«እንግዲያው ሰኞ መድኃኒቷን ይዛ ትገባለች» አልኩ።

«ሰኞማ አትገባም። መድኃኒቱን ትጨርስ፣ ከዚያ ሌላ ብልቃጥ ታመጡልናላችሁ። ውጤቷ ንጹሕ ሲሆን ነው የምትገባው።»

«ቦታዋስ?»

«እሱን የምትወስነው ኃላፊዋ ናት።»

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። «ዶን አርኑልፎ፣ ብልቃጡን መልስልኝ።»

«ምን?»

«መልስልኝ። አላመጣሁትም።»

«አንዴ ያየሁትን እንዴት አላየሁም እላለሁ?»

«እየበላህ ነበር። ማን ያምንሃል?»

አልመለሰልኝም። በሕይወቴ እንዲህ ልክ ሆኜ አላውቅም፤ ልክ መሆኔም እንዲህ ጎድቶኝ አያውቅም። ዮሴሊን ግን ስልኳን አንስታ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሥራ የበዛበት ሰው መልክ አለ።

«ልጅቷ ይህን ብቻዋን አላመጣችውም፣ ዶኛ። አብረው ነው የሚጫወቱት፣ ከአንድ ኩባያ ነው የሚጠጡት። ኃላፊዋን አነጋግሬያታለሁ። ሰማያዊ ክፍል ይዘጋል። ልጆቹ ሁሉ፣ በጥጥ የሰጡትም ጭምር፣ ሰኞ ብልቃጥ ያመጣሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሁሉም ንጹሕ እስኪሆኑ ድረስ አዲስ ልጅ አይገባም፤ ስለዚህ የማንም ቦታ ለማንም አይሰጥም። የዙሌማም ይጠብቃታል።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በጥጥ ተገላግለው የሄዱት ሴቶች ሁሉ ስልካቸው ሲጠራ ታየኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ግማሾቹ ሰላም አይሉኝም። ቴክላ ከሰዓት በኋላ ደውላ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፍም፤ አበልጅነት ባይኖር በዚያው ነበር የምንቀረው።

ግን ያ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ዙሌማንና መድኃኒቷን ይዤ ቀጥታ ገበያ ገባሁ። ሰዓቱ ሄዷል። እንደፈራሁትም ኦብዱሊያ ሳህኗን፣ ዣንጥላዋን፣ መቀመጫዋን ሁሉ አምጥታ ቦታዬ ላይ ተዘርግታለች። ቢላዋን እያወዛወዘች ለአንዷ ደንበኛዬ እሾሃሙን ቅጠል ታሽጋለች።

«ተነሺ።»

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ ባዶ ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ልጅ መያዝ ጀምረዋል፣ ከእንግዲህ አይመጡም ሲባል ሰምቼ ነው። ለአንድ ሳምንት ይሁንልኝ። እርስዎም ይረፉ፣ በዚህ ዕድሜ።»

አልተሰዳደብኩም። ዙሌማን ከጀርባዬ አወረድኩና ከጎኗ፣ ሳህኗ ላይ ለመድረስ በሚያመቻት ቦታ፣ አቆምኳት። ልጅቷ እጇን ወደ ቁልቋሉ ሰደደች።

«ግዴለም፣ አንቺ ተቀመጪ» አልኩ፣ ለዮሴሊን እንደተናገርኩት ራቅ ብሎ በሚሰማ ድምፅ። «እኛ ከጤና ጣቢያ ነው የመጣነው። ልጅቷ ጃርዲያ ተገኝቶባታል። ሞልቷታል ነው ያሉኝ። በእጅ ነው የሚተላለፈው አሉ፤ መዋያውንም ዘግተውታል። ግን አንቺ ሆድሽ ጠንካራ ነው።»

ኦብዱሊያ እንደዚያ ስትነሳ አይቻት አላውቅም። ሳህኑን፣ ዣንጥላውን፣ መቀመጫውን በአንድ ጊዜ ታቀፈችው። ደንበኛዬም የገዛችውን ሳትወስድ ሄደች። አይብ ሻጩ አይቡን በጨርቅ ሸፈነና ጋሪውን እየገፋ ሌላ በር ፈለገ። ከበሩ እስከ ሥጋ ተራ ድረስ ያለው መንገድ ለእኔና ለዙሌማ ብቻ ቀረልን።

የልጅቷን እጅ በሳሙና አጠብኩ፣ የእንጆሪ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ቢላዬን አወጣሁ። ሰው ከሩቅ ያየናል፣ ይዞራል፣ በሌላ በኩል ይሄዳል። ያን ቀን አንድ ቅጠል አልሸጥኩም። ግን ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያልሸጥኩት።